የሰኔ ጣሪያ የሚጀመረው በጥቅምት ነው

ለአብዛኛው ሰው ዓመቱ የሚያልቀው በጳጉሜን ነው። በእኛ ቤት ግን ሰኔ አጋማሽ ላይ ያልቃል። ባለቤቴ ደብረ ታቦር ውስጥ ቤት በቆርቆሮ የሚከድን አናጢ ነው፤ እኔ ደግሞ ደብተሩን እይዛለሁ። ማን ቀብድ ሰጠ፣ ስንት ቆርቆሮ ያስፈልጋል፣ የማን ቤት መቼ ይጀመራል የሚለው ሁሉ የተጻፈው በእኔ እጅ ነው። ዝናቡ ከጉና በኩል መውረድ ሲጀምር ሥራው ይቆማል። እስከ መስከረም የምንበላው፣ የልጆቹ ደብተርና ዩኒፎርም፣ የቡሄው ዳቦ ሳይቀር ከዚያ በፊት ከተገኘው ነው።

ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት ታዲያ ትንፋሽ አይሰጡም። ከፋርታም ከጋይንትም ከእስቴም የሚመጣው ሰው ሁሉ ክረምቱ ሳይገባ ቤቱ እንዲከደንለት ይፈልጋል። ብዙዎች ዓመቱ በደህና የሚዘጋው በዚያ ጥድፊያ ውስጥ ጠንክሮ በመሥራት ይመስላቸዋል። እኔ ከደብተሬ የተማርሁት ሌላ ነው፤ ሰኔ ደህና የሚሆነው ጥቅምት ላይ ከታሰበበት ነው።

ጥቅምት ላይ ባህር ዛፉ ይገዛል፤ ልጡ ተልጦ ጥላ ሥር ተደርድሮ ይደርቃል። እርጥብ እንጨት ጣሪያ ላይ ከወጣ በኋላ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሚስማሩ ይላላል፣ ከዚያ በኋላ ቆርቆሮውን ማንሳት ለነፋስ ቀላል ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ገበሬው እህሉን የሚሰበስብበት ጊዜ ነው። ገብሱን ወይም ጤፉን ሸጦ ገንዘብ እጁ ሲገባ፣ «ቤቱን ግንቦት ላይ ብንሠራውም ቆርቆሮውን አሁን ይግዙ» እንለዋለን። የቆርቆሮው ብረት ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ፣ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዛሬን ዋጋ ለነገ ማመን ከባድ ሆኗል። ስለዚህ እኛ የምንዋዋለው በእጅ ዋጋ ብቻ ነው፤ ቆርቆሮውን ባለቤቱ ራሱ ይገዛል።

ሲገዛም አብረነው እንሄዳለን። የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ብዙ ሰው አያውቅም፤ 35 ጌጅ ከ32 ጌጅ የሳሳ ነው። አንድ ነጋዴ በ32 ዋጋ 35 ሸጦ ለደንበኛችን አስረክቦ ያውቃል። በረዶ በሚጥልበት በእኛ ደጋ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሚስማሩም የሚመታው በጉብታው ላይ ነው። ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ ከተመታ ቤቱ በመጀመሪያው ክረምት ማፍሰስ ይጀምራል።

ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶም ቢሆን፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ እምቢ ማለት የሚያስፈልግበት ቀን ይመጣል። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ከገጠር መጡ። የሣር ክዳናቸው ያፈሳል፤ ልጃቸው ከአዲስ አበባ ገንዘብ ልኮላቸዋል። «ልጄ፣ ይኼን ክረምት እንኳ ከልጅ ልጆቼ ጋር በደረቅ ልደር» አሉኝ። ደብተሩ ላይ ከእሳቸው በፊት 4 ቤት ነበር።

ባለቤቴ ሊቀበላቸው ፈለገ። «ልጁን 10 ቀን ከትምህርት ቤት ብናስቀረው ይደርሳል» አለኝ።

«ፈተናውስ?»

«እኔ በእሱ ዕድሜ ጣሪያ ላይ ነበርሁ።»

እውነቱን ነው፤ እሱ በ16 ዓመቱ ቤተሰብ ያስተዳድር ነበር። ለዚህም አከብረዋለሁ። ግን 10ኛ ክፍል ያለው ልጃችን የዓመቱ ፈተና ሰኔ ላይ ነው፤ በሰኔ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይታጣም፣ እርጥብ ቆርቆሮም እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ገንዘቡ ሐምሌን ይሸፍንልን እንደነበር ደብተሩን የምይዘው እኔ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ቢሆንም እምቢ አልሁ።

ለእናቲቱም እንዲህ አልኋቸው፦ «ዛሬ ጣሪያዎን አፍርሰን ነገ ቢዘንብ፣ ሣሩም ቆርቆሮውም አይኖርዎትም። ቆርቆሮውን ገዝተው ያስቀምጡ፤ ጥቅምት ላይ የመጀመሪያው ቤት የእርስዎ ነው።» ቀብድ አልተቀበልናቸውም። ሁለት ሠራተኞች አንድ ቀን ሄደው የሚያፈሰውን ቦታ በላስቲክና በአዲስ ሣር ደፈኑላቸው። ደስ አላላቸውም፤ ቡናም ሳይጠጡ ሄዱ። ባለቤቴም ሁለት ቀን ያህል ብዙ አላናገረኝም። ሐምሌም እንደፈራሁት ጠበበን፤ ጤፉን ከገብስ ቀላቅለን አለፍነው። ልጁ 11ኛ ክፍል ገባ። ጥቅምት ላይ የእናቲቱ ቤት በደረቅ እንጨት፣ በደረቅ ቀን ተከደነ።

ልጃችን ሙያውን እንዲንቅ አልፈልግም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቱ ጋር ይሄዳል፤ ቤት ይለካል፣ የሚያስፈልገውን ቆርቆሮ ያሰላል፣ መሬት ላይ ሆኖ ያቀብላል። አሁን ሒሳቡን ከእኔ ቀድሞ ይጨርሳል። ጣሪያ መውጣቱ ትምህርቱን ሲጨርስ ይደርሳል።

ይህን የምጽፈው ኑሮው በወቅት ለተንጠለጠለ ቤተሰብ ሁሉ ነው፤ ለገበሬውም፣ ለሸማኔውም፣ ለበዓል ነጋዴውም። የዓመቱ መጨረሻ ሲጠብ መጀመሪያ ዓይናችን የሚያርፈው ልጆቻችን ላይ ነው፤ ነፃ ጉልበት ናቸውና። አያቶችም «እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው» ስትሉ እውነት አላችሁ። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ሥራ ጥቂት ጥቂት ለክረምቱ ከተቀመጠ፣ ስንት ሥራ መያዝ እንደምንችልም አስቀድመን ከቆጠርን፣ የጎደለውን ከልጁ የትምህርት ቀን ላይ መቁረጥ አያስፈልግም።

ጥቅምት ገና ሩቅ ይመስላል። እንጨት ለማድረቅ ግን ሩቅ አይደለም። የማያፈስ ክረምት ይስጠን!