ለአራስ ቤትሽ ስንቅ

ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት መወለዱ ወጋችን ነበር፤ ሥራሽም የሐኪም ክትትልሽም አዲስ አበባ ስለሆነ ግን እዚያው መውለድሽ መልካም ነው። እኔ እስክደርስ የአጃና የገንፎ ዱቄት፣ ቅቤም ልኬልሻለሁ። ከአራስ ቤት ወጋችን የሚተውም የሚያዝም አለና ሁለቱን ለይቼ ልንገርሽ፤ ባለቤትሽም ያንብበው።

ከሁሉ በፊት እንገሩን አደራ! በእኛ አገር ያን ቢጫ ወፍራም ወተት «ሆድ ያማል» ብለው አልበው ይደፉት ነበር። ሕፃኑ ደግሞ ቅቤ በጣት ይልሳል፣ የአብሽ ወይም የስኳር ውኃ ይጠጣል። ይህ ይቅር። እንገር ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከልለት የመጀመሪያ ምግቡ ነው፤ ማነሱም ለትንሿ ሆዱ ልክ ነው። እንደተወለደ ገላው ከገላሽ ተገናኝቶ፣ 1 ሰዓት ሳይሞላው ይጥባ። ሙቀትሽ ከብርድ ይጠብቀዋል፣ አንቺም ማህፀንሽ ተኮማትሮ የደም መፍሰሱ ይቀንስልሻል። የላክሁት ቅቤ ለገንፎሽ እንጂ ለሕፃኑ አፍ አይደለም።

በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ሲያለቅስ ጠያቂው ሁሉ «ወተት የለሽም መሰል» ይልሻል። አትደንግጪ። ወተት በብዛት የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ቀን ውስጥ ነው። ጡት በተጠባ ቁጥር ያመነጫል፤ ቀንና ሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ አጥቢው። ጡጦ ጣልቃ ከገባ ግን ልጁን ያጠግበዋል፣ ያልተጠባው ጡትም ወተቱን ይቀንሳል። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና፣ ክብደቱም ከጨመረ፣ ልጅሽ ጠግቧል።

ስታጠቢ ልጁን ወደ ጡትሽ አምጪው እንጂ አንቺ አትጎንበሺለት። ሆዱ ከሆድሽ ይግጠም፣ ራሱና ወገቡም ቀጥ ይበል። የጡትሽን ጫፍ ከንፈሩን አስነኪውና አፉን እንደሚያዛጋ ሲከፍት ቶሎ አስጠጊው። ጫፉን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ያለውን ጥቁሩንም ይጉረስ፤ አገጩ ጡትሽን ይንካ። ካመመሽ ትንሿን ጣትሽን በአፉ ጥግ አስገብተሽ አላቅቂውና እንደገና ሞክሪ። ሕመሙ አያያዙ አለመስተካከሉን የሚነግርሽ ነውና ጥርስሽን ነክሰሽ አትቻይው።

እስከ 6 ወር ከጡትሽ ወተትና ሐኪም ካዘዘለት መድኃኒት በቀር ምንም አይቅመስ። ወተትሽ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ በበጋም ቢሆን ሌላ ውኃ አያሻውም። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናት የጡት ወተት ብቻ የሚያገኙት ከ100 58ቱ ነበሩ። ያንቺ ልጅ ከእነርሱ ይሁን። ከ6 ወር በኋላ ገንፎው ይጀመርለት፤ ጡቱ ግን እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል። «እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥ» የሚል ቢመጣ እሺ አትበይ፤ ቁስሉ መጥባት ይከለክለዋል፣ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽንም ያመጣበታል።

የሚያዘው ወጋችን ደግሞ የአራስ እንክብካቤው ነው። እዚህ አራስ ስትወልድ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፤ አንዷ ገንፎ ታገነፋለች፣ አንዷ አጥሚት ታፈላለች፣ ሌላዋ ጨርቅ ታጥባለች። የአራሷ ሥራ መብላት፣ መተኛትና ማጥባት ነው። ጡት የምታጠባ እናት ብቻዋን አታጠባም፤ ቤተሰቡ እሷን ሲያጠግብ እሷ ልጇን ታጠግባለች። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያን ሁሉ ጎረቤት ላታገኚ ትችያለሽ። አንተም ልጄ፣ የሚስትህ ጎረቤት አንተ ነህ፤ ሌሊት ስታጠባ ውኃ አቅርብላት፣ ሕፃኑን ተቀብለህ አስገሳው፣ ሽንት ጨርቁን ቀይር፣ የጠያቂውንም ምላስ መልስላት። ጾሙ ሲገባ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለአራስ ታዝናለች።

የሥራሽን ነገር ካሁኑ አስቢበት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዝሽ አለሽ። 90ው ሲያልቅ ልጅሽ ገና ስድስት ወር አይሞላውም። ስለዚህ ከመመለስሽ በፊት ወተትሽን በእጅሽ ማለብ ተለማመጂ። እጅሽን ታጥበሽ፣ ተቀቅሎ በጸዳ ክዳን ባለው ዕቃ እለቢ፤ በቤት ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ሞግዚቷ በጡጦ ሳይሆን በንጹሕ ሲኒ ቀስ እያለች ታጠጣው። ማታ ስትመለሺ ግን ጡቱ የእሱ ነው።

ጡትሽ ቢቀላ፣ ቢያብጥና ትኩሳት ቢኖርሽ ማጥባቱን ሳታቋርጪ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ሐዘንና እንባ ከሁለት ሳምንት ካለፈም አትደብቂው፤ ለባለቤትሽም ለሐኪምም ንገሪ። ሁሉን ሞክረሽ ወተቱ ካልበቃው ሐኪም የሚያዝልሽን አድርጊ፤ ይህ እናትነትሽን አይቀንሰውም። በማንኛውም ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ደውዪልኝ።

ማርያም በሰላም ታገላግልሽ፤ ጡትሽን ወተት፣ ቤትሽን ሰላም ትሙላው።

እናትሽ