ከዲንሾ እስከ ፊንጫ ሀበራ በፈረስ

ለዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት የጉዞ ማስታወሻ ነው። ፈረስን ጋሪ ሲጎትት ከማየት በስተቀር ቀርቦት የማያውቅ አንድ የከተማ መምህር፣ በዕረፍቱ ባሌ ሄዶ ኮርቻ ላይ ወጥቶ እንዴት እንደተመለሰ ላጫውታችሁ።

ሐሳቡ የባለቤቴ ነበር። እርሷ አርሲ ገጠር ያደገች በመሆኗ በልጅነቷ ከአባቷ ኋላ ተፈናጥጣ ገበያ ትሄድ ነበር። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ የማስተምረውም ጂኦግራፊ ነው። «የባሌን ተራሮች ስንት ዓመት በካርታ ላይ ብቻ ታሳያቸዋለህ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። የግማሽ ዓመቱ ፈተና ታርሞ እንዳለቀ ሻንጣችንን አነሳን።

ዲንሾ በአሰላ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል ሲሄዱ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከፍታዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት የሚገኘው እዚህች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። የጥር ሌሊት ብርዱ አይጣል ነው! ለሱብሒ ውዱእ ስናደርግ ውሃው ጣት ይቆርጣል፤ ሲነጋም ሣሩ በውርጭ ነጥቶ አገኘነው።

ጠዋት የፓርኩን መግቢያ ከፍለን አስጐብኚ ተመደበልን። ፈረሶቹን ያመጣልን በወንድሙ ተራ የመጣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። መምህር መሆኔን ሲሰማ ወዲያው «ቲቸር» ይለኝ ጀመር። ለእኔ የደረሰችኝ ዳማ ባዝራ ናት።

ቢስሚላህ ብዬ ግራ እግሬን እርካብ ውስጥ ከተትኩ። ነገር ግን ሰውነቴን በሙሉ በኮርቻው ላይ ስለተንጠለጠልኩ ኮርቻው ወደ ሆዷ ሊዞር ደረሰ። ልጁ በሌላ በኩል ሆኖ እርካቡን ተጭኖ ባይዝልኝ ኖሮ ገና ሳልጀምር መሬት ነበርኩ። ባለቤቴ ከኮርቻዋ ላይ ሆና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፤ እየሳቀች እንደሆነ ትከሻዋ ይናገር ነበር።

ከጥዱና ከኮሶው ጫካ ስንወጣ የወይብ ወንዝ ሸለቆ ሰፊ የሣር ሜዳ ሆኖ ተዘረጋ። ከሩቅ ሲያዩት ምንጣፍ ይመስላል፤ ሲጠጉት ግን መሬቱ በፍልፈል ጉድጓድ የተበሳሳ ነው። ባዝራዋ አንድ ሁለቴ ስትደናቀፍ ደነገጥኩና ዛቡን ወደ ደረቴ ሳብኩት። እርሷ ራሷን ትወዘውዛለች፣ እኔ ይበልጥ እጎትታለሁ። በመጨረሻ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ቲቸር፣ አንቀው ይዘዋታል» አለኝ ልጁ። «ብረቱ አፏን ያማታል። ደግሞ መሬቱን ለማየት አንገቷን ዝቅ ማድረግ አለባት። ጉድጓዱን እርስዎ አያዩትም፣ እሷ ታየዋለች። ይልቀቁላት።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ተናደድኩ። አሥር ዓመት ጠመኔ የያዝኩ ሰው በተማሪ መታረሜ ከበደኝ። ዛቡን አላላሁት እንጂ ፊቴን አላላላሁም።

ቀጥሎ ወደ ወንዙ የሚያወርድ ድንጋያማ ቁልቁለት መጣ። ከኮርቻ ላይ ሆኖ ቁልቁል ማየት በእግር እንደመውረድ አይደለም፤ ከፈረሷ ጆሮ ወዲያ ያለው ሁሉ ገደል ይመስላል። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ «ልውረድ» አልኩት። ልጁ አልሳቀም፣ አልጮኸም፣ ዛቡንም ከእጄ አልወሰደም። ባዝራዋን አንገቷ ላይ ዳበስ አድርጎ ከጎኔ መራመድ ጀመረና «ወደ ኋላ ይደገፉ» አለኝ። ያንን ካደረግሁ በኋላ «ተረከዝዎን ወደ ታች» አለ። ቆይቶም «አሁን ይተንፍሱ።» አንዱን ሳልይዝ ሌላውን አልጨመረብኝም። ወንዙ ዳር ስንደርስ ባዝራዋ ቆማ ውሃውን አሸተተች። ልገፋፋት ስል «ይጠብቋት» አለኝ። ጠበቅኳት። ጠጥታ ስትጨርስ በራሷ ጊዜ ተሻገረች።

ማዶ ላይ ሆኜ አንድ ተማሪዬ ትዝ አለኝ። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሰሌዳው ላይ በተሰቀለው ካርታ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ የሚያልፈውን ወንዝ እንዲያሳይ ጠየቅሁት። ወንዙ ይኸው አሁን የተሻገርኩት ወይብ ነው፤ ከዚህ ወደ ምሥራቅ ወርዶ ዋሻው ይደርሳል። ልጁ ጣቱ እየተንቀጠቀጠ ሲፈልግ አልጠበቅሁትም። በክፍሉ ፊት «ተቀመጥ! አንተ መቼም አታገኘውም» አልኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ እጁን አውጥቶ አያውቅም። ለምን እንደሆነ ጠይቄውም አላውቅም።

ፊንጫ ሀበራ ፏፏቴ አጠገብ ቆሎና ዳቦ በላን፤ ዙህርንም ሰገድን። አስጐብኚያችን በዚሁ ሸለቆ ስላለው የድንጋይ መጠለያ አጫወተን። በ2011 ዓ.ም. ይፋ በሆነ ጥናት መሠረት፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት ገደማ በፊት በነበረው ዘመን ሰዎች ወደ 3,500 ሜትር በሚጠጋው በዚህ ከፍታ ይኖሩ ነበር፤ ምግባቸውም በአብዛኛው ግዙፉ ፍልፈል ነበር። ለካስ ያ ያስፈራኝ ጉድጓድ የጥንቱ ሰው ጓዳ ኖሯል!

ስንመለስ ቀይ ቀበሮ ሣሩ ውስጥ አድፍጦ ፍልፈል ሲጠብቅ አየን። በዓለም ላይ የቀሩት ጥቂት መቶዎች ብቻ ሲሆኑ ከግማሽ በላዩ የሚገኘው ባሌ ነው። በኦሮምኛ «ጄዳላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ፣ ይሉታል። ስሙን ያገኘው ሊወልዱ የደረሱ ባዝራዎችን ተከትሎ እንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው አሉን።

ዲንሾ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ከኮርቻ ወርጄ እንደተከፈተ ኮምፓስ እግሬን አንፈርጥጬ ስራመድ ባለቤቴ ሻሿን እንኳ ሳትይዝ ሳቀች። ልጁን ማን እንዳስተማረው ጠየቅሁት። «አባቴ» አለ። «ስወድቅ ሳይስቅብኝ ያነሳኝ ነበር።»

መሄድ ለምትፈልጉ ጥቂት ምክር ልለግሳችሁ። ደረቁን ወቅት ምረጡ። በደረሳችሁበት ዕለት አትጋልቡ፤ ሰውነታችሁ ከፍታውን ይልመድ። ጓንት፣ ባርኔጣና ሰፊ ሱሪ ያዙ፤ እኅቶችም ከቀሚሳቸው ሥር ሱሪ ቢለብሱ ይመቻቸዋል። እርካብ ውስጥ የሚገባው የእግር ጫፍ ብቻ ነው። ዳገት ላይ ወደ ፊት፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ ዘንበል በሉ። ዛቡን አላልታችሁ ያዙ።

ትምህርት እንደተከፈተ ያን ተማሪዬን ከክፍል ውጭ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። በሳምንቱ ካርታውን ሰቅዬ ማን ወይብን እንደሚያሳየኝ ጠየቅሁ። ብዙ እጅ ወጣ፤ የእርሱ ግን የለበትም። በሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ እስከ ጆሮው ብቻ ከፍ ያለች አንዲት እጅ ከኋላ አየሁ። ወጣ። ጣቱ ከአዋሽ ጀምሮ ብዙ ዞረ። ክፍሉ መንሾካሾክ ሲጀምር ዝም አሰኘሁትና ጠበቅሁ።

አገኘው።