ሕፃናቶች ያለው ልጅ

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ለንፋስ መውጫ ስሟን የሰጣት ንፋስ ረፋዱ ላይ ጋብ ሲል፥ ከአንድ መሪጌታ ወዳጄ ጋራ ጋቢያችንን ደርበን ከግድግዳ ሥር ፀሐይ መሞቅ ልማዳችን ነው። እሳቸው ድጓን በጋይንት ቤተ ልሔም ያስመሰከሩ ናቸው፤ እኔ ደግሞ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ተምሬ፥ በማስተማር ሸምግዬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ስለዚህ ክርክር አናጣም፤ ቂም ግን የለብንም።

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጃቸው የእንግሊዝኛ ደብተሯን ይዛ አጠገባችን ታጠና ነበር። ቡክ ሲበዛ ቡክስ፤ ኦክስ የተባለው በሬ ሲበዛ ኦክሰን፤ ቻይልድ ሲበዛ ቺልድረን፤ ፉት የተባለው እግር ሲበዛ ፊት።

«እግር ሲበዛ ፊት ይሆናል?» ብለው የኔታ ሣቁ። «ደንብ የሌለው ቋንቋ!»

«የእኛስ የኔታ?» አልኋቸው። «መልአክ ሲበዛ መላእክት፥ ካህን ግን ካህናት። መጽሐፍ ሲበዛ መጻሕፍት ነው ስንል ደግሞ ሕዝቡ መጽሐፎች ይላል።»

«ሕዝቡ ተሳስቷል» አሉ ቁርጥ አድርገው።

እዚህ ላይ ደስ አለኝ፤ መልሱ በእጄ ነበርና። ከ1000 ዓመት በፊት እንግሊዞች አንዱን መጽሐፍ ቦክ፥ ብዙውን ግን እንደ እግሩ ሁሉ የመካከሉን ድምፅ ለውጠው ቤች ይሉት ነበር። በኋላ ሕዝቡ በብዙ ቃላት መጨረሻ የሚሰማውን «ስ» ቀጠለበትና ቡክስ ሆነ። የእነርሱ መጽሐፎች ይህ ነው፤ ዛሬ የሚያርመው የለም። ቺልድረን ደግሞ ይብሳል። ጥንት ቺልድሩ ማለት በራሱ ብዙ ነበር፤ ኋላ ብዛቱ ያነሰ መስሏቸው እንደ ኦክሰን «ን» ጨመሩበት።

«እንግዲያማ ሕፃናቶች ብለዋል በለኛ!» አሉ የኔታ።

«አዎን።»

ጥቂት ዝም አሉና «እኛም አላመለጥንም» አሉ። «ክብረ ነገሥት የሚለውን ስም ተመልከት። ነገሥት ብቻውን ብዙ ነው። ነገሥታት ስንል በብዙ ላይ ብዙ ጨምረናል።»

እሳቸው ይህን እንደ ቀልድ ተናገሩት፤ እኔን ግን ወጋኝ። ገና ጎረምሳ መምህር ሳለሁ አንድ ልጅ በሰሌዳው ላይ ሕፃናቶች ብሎ ጻፈ። በክፍሉ ፊት አቁሜ «ሱሪ በሱሪ ላይ የለበሰ» አልሁት። ልጆቹ ሣቁ። እርሱ የነበረው አንድ የተጣፈ ቁምጣ ነበር። ከጻፈውም ሥር የታረመ ምሳሌ ነው ብዬ በገዛ እጄ «ካህናት፥ ነገሥታት» ስል ጻፍሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁ ለመመለስ እጁን አላነሣም፤ በሚቀጥለው መስከረምም አልመጣም። ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ አልጠየቅሁም።

ዛሬ በገበያ ቀን ድንች ይሸጣል። ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሥቶ «ጋሼ» ይለኛል፤ ከሚዛኑም በላይ ይጨምርልኛል። ከዚያ ክርክር ወዲህ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ድንቼን ተሸክሜ፥ ስለ ነገሥታት ሳልነግረው ተመልሻለሁ።