ኳሱን ለዳኛው የሚያስረክብ ተጫዋች

ፉትቦል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በእግር የሚመታውን ኳስ ነው። እኔና ባለቤቴ በምንኖርበት በአሜሪካ ግን ይህ ስም የተሰጠው ተጫዋቾች የራስ ቁር አጥልቀው፣ ሞላላ ኳስ በእጃቸው ይዘው ለሚጋፉበት ጨዋታ ነው። ልጃችን በትምህርት ቤቱ ቡድን መጫወት ከጀመረ ወዲህ ጨዋታውን በቅርብ እንከታተላለን። ታዲያ ሰው ከሰው በሚላተምበት ሜዳ ላይ ጨዋነት ይገኛልን?

አዎን፣ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1998 ለዲትሮይት ላየንስ የተጫወተው ባሪ ሳንደርስ ኳስ ይዞ በመሮጥ ብቻ 99 ጊዜ የተጋጣሚውን የመጨረሻ መስመር አልፎ ነጥብ አስቆጥሯል። ሌሎች እንዲህ ሲሳካላቸው ኳሱን መሬት ላይ ያፈርጣሉ፣ ይጨፍራሉ። እርሱ ግን ኳሱን በጸጥታ ለዳኛው አስረክቦ ወደ ጓደኞቹ በመመለስ ይታወቅ ነበር። በዚያ ሥራው፣ “እኔ የድርሻዬን ሠርቻለሁ፤ ፍርዱ የአንተ ነው” ያለ ይመስለኛል።

የጨዋታው ሕግም ዳኛን ያስከብራል። አንድ ቡድን ኳሱን ላለማጣት በ4 ሙከራ 10 ያርድ ወደፊት መግፋት አለበት። ዳኛን የሚዘልፍ ተጫዋች ግን ቢጫ ጨርቅ ይወረወርበትና ቡድኑን 15 ያርድ ያስቀጣል። በአንድ ጨዋታ ሁለት ጊዜ እንዲህ ካደረገ ደግሞ ከሜዳ ይባረራል። እንግዲህ ልብ በሉ! የተናገረው አንድ ሰው ነው፤ ወደ ኋላ የሚመለሰው ግን ቡድኑ በሙሉ ነው። በቤታችንስ የአንዱ አንደበት ቤተሰቡን ሁሉ ወደ ኋላ የመለሰበት ቀን የለምን?

ይሁን እንጂ ዳኛም ሰው ነውና ይሳሳታል። ለዚህም በፕሮፌሽናል ሊጉ ሥርዓት ተበጅቷል። በተወሰኑ ጉዳዮች ላይ ቅሬታ ያለው አሠልጣኝ ቀይ ጨርቅ ይወረውራል፤ ፍርዱም በምስል እንደገና ይታያል። አቤቱታው ትክክል ካልሆነ ቡድኑ ከተፈቀዱለት የእረፍት ጊዜያት አንዱን ያጣል። ስለዚህ አሠልጣኙ ከመወርወሩ በፊት ያስባል።

እኔና ባለቤቴ ከዚህ ተምረናል። በትዳርም “እዚህ ላይ ተሳስተሃል”፣ “ተሳስተሻል” የምንባባልበት ጊዜ አለ። ፍርዱ ሁልጊዜ ትክክል ላይሆን ይችላል። ቅሬታ ያለው ግን ልጆች እስኪተኙ ይቆያል፤ አንድ ጉዳይ ብቻ ያነሣል፤ ያለፈውን ዓመት አይቆፍርም። ቀይ ጨርቃችን ይህ ነው።

በተመልካች መቀመጫ ላይ የሚሰማው ነገር ግን ያሳዝናል። አንዳንድ ወላጆች በልጆቻቸው ፊት ዳኛውን ይሰድባሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2021 ባለው ጊዜ ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት ዳኞች ሥራውን ትተዋል። ምክንያቱ አንድ ብቻ ባይሆንም፣ የወላጆችና የተመልካቾች ስድብ ዋነኛ ሆኖ ይነሣል። ዳኛ ከሌለ ደግሞ ጨዋታ የለም።

ከጨዋታ በኋላ በመኪና ውስጥ ስለ ዳኛው የምንናገረውን ልጆቻችን ይሰማሉ። ዛሬ ዳኛውን ስናዋርድ የሰማ ልጅ ነገ መምህሩን፣ መጋቢውን፣ ከዚያም አባትና እናቱን ማዋረዱ አይቀርም። ስለዚህ በእኛ መኪና የመጀመሪያው ጥያቄ “አሸነፋችሁ ወይ?” ሳይሆን “ዳኞቹን አመስግነሃል?” የሚል ነው። ተሸንፎ እያለቀሰ በገባበት ምሽት እንኳ “አዎ፣ እጃቸውን ጨብጫለሁ” ሲል ሰምተነዋል። ያን ምሽት ከየትኛውም ድል ይልቅ ደስ ተሰኝተናል።

የተወደዳችሁ ባለትዳሮችና ወላጆች ሆይ፣ የሚፈርድልንን ማክበር ቀላል ነው፤ ማንም ያደርገዋል። ክርስትናችን የሚታየው የሚፈርድብንንም ስናከብር ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥5 ላይ የተወዳዳሪን አክሊል ከሕግ ጋር አያይዞ ያስተምረናል። እውነተኛው ዳኛ ጌታ ነውና፣ ኳሱን በሰላም የምናስረክብበትን ጸጋ እርሱ ያብዛልን። አሜን።