ዶቢ የየት አገር ሰው ነው?

የአባቶቻችን ትውልድ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክለት ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል እንባውን ሲያፈስ ነውር ነው ያለው አልነበረም። የእኔን ነገር የሚያከፋው የማለቅስላቸው አስማተኞች መሆናቸው ነው፤ ያውም ለታዳጊዎች በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ የሚኖሩ።

የሃሪ ፖተርን ሰባተኛና የመጨረሻ መጽሐፍ ይዤ የተቀመጥኩ ዕለት ጎረቤታችን እማማ ቡና ጠሪ ልከው ብቀርባቸው ራሳቸው መጡ። ዓይኔን አዩት።

«ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብህ?»

«ዶቢ።»

«የየት አገር ሰው ነው?»

ሰው እንኳ አይደለም። ጆሮው የሰፋ፣ ቁመቱ ያጠረ፣ አሮጌ የትራስ ልብስ ለብሶ ጌቶቹን ሲያገለግል ኖሮ በአንድ ካልሲ ሰበብ ነፃ የወጣ ፍጡር ነው። ይህን ሁሉ ለእማማ ከየት ልጀምረው?

«የእንግሊዝ» አልኩ።

«ወይ ጉድ! ቀበሩት?»

ጥያቄው ልክ ቦታው ላይ አረፈ። በዚያ መጽሐፍ ብዙ ሰው ይሞታል፤ አብዛኛውን ከንፈሬን መጥጬ አልፌዋለሁ። ዶቢ ጋ ስደርስ ግን ሃሪ ዘንጉን አንዴ ቢወዘውዝ ጉድጓዱ ሊቆፈርለት ሲችል አካፋ ያነሳል። አስማቱን ትቶ እንደማንኛውም ሰው ላቡን እያፈሰሰ ይቆፍራል። ያቃተኝ ያ ነው።

«ጓደኛው በገዛ እጁ ቆፍሮ ቀበረው፣ እማማ።»

«እሱስ ደግ አደረገ» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ቡናው እቤታቸው ቀዘቀዘ።

የሕክምና ዘጋቢ ፊልም ላይም ነገሬ ከዚህ ብዙ አይለይም። ቢላዋና ደም ሲመጣ ትራስ አቅፌ ዓይኔን እጨፍናለሁ እንጂ አላለቅስም። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው «አ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» የአምስት ኢትዮጵያውያት ታሪክ ነው፤ ከየገጠሩ ተነስተው አዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ይደርሳሉ። ምጥ ለቀናት ሲራዘምና የሚደርስ ሐኪም ሲጠፋ፣ በሕፃኑ ጭንቅላትና በእናቲቱ የዳሌ አጥንት መካከል የተጨፈለቀው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፤ ይበሳል፤ ፊስቱላ የሚባለው ይህ ቀዳዳ ነው። ከዚያ በኋላ ሽንት አይቋጠርም። ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። ባል ይሸሻል፣ ጎረቤት አፍንጫውን ይይዛል። ሆስፒታሉን በ1974 እ.ኤ.አ. የከፈቱት ካትሪን እና ሬጅ ሃምሊን ናቸው፤ በ1959 ለ3 ዓመት ውል መጥተው በዚያው የቀሩ ባልና ሚስት ሐኪሞች። ካትሪን በ2020 ያረፉት እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

እኔን የሚረታኝ ግን ቀዶ ጥገናው አይደለም። የዳነችው ሴት ወደ አገሯ ስትመለስ አዲስ ቀሚስ ይሰጣታል። ቀሚስ መድኃኒት አይደለም፤ ቁስሉ ያለ እሱም ይሽራል። ሐኪሙ የሚችለውን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ አንድ ሰው ደግሞ «ይህቺ ልጅ ምን ለብሳ ትገባለች?» ብሎ ማሰቡ ነው የሚያንሰፈስፈኝ።

ለሌለ ፍጡር ማልቀስ የእንባ ብክነት ነው የሚሉኝ አሉ። በተቃራኒው ደግሞ ልብ ወለድ ልብን ያለሰልሳል፣ ደግ ያደርጋል የሚሉም አሉ። ከሁለቱም ጋር አልስማማም። እኔ ለዶቢም ለእነዚያ ሴቶችም አልቅሼ ስጨርስ እራቴን በልቼ ነው የተኛሁት፤ ያውም በደንብ።

የልብ ወለዱና የፊልሙ ልዩነት ሌላ ቦታ ነው ያለው። በሃሪ ዓለም መዳን ርካሽ ነው፦ የክንዱ አጥንት ጠፍቶ በአንድ ሌሊት በሚጠጣ መድኃኒት መልሶ ይበቅላል። ስለዚህ ደራሲዋ ልታስለቅሰኝ ስትፈልግ የግድ መግደል አለባት። በፊልሙ ግን ማንም ሳይሞት አንጀቴ ይንቦጫቦጫል። ከሴቶቹ ለአንዷ ቀዶ ጥገናው እንደታሰበው አይሆንላትም። ልብ ወለድ ቢሆን ይህ የምዕራፍ መሸጋገሪያ ነበር፤ ቀጥሎ ባለው ቅጽ አንድ ሽማግሌ ጠቢብ ከጫካ ወጥቶ ያድናት ነበር። ካሜራው ግን ተነስቶ ይሄዳል፤ እሷ ከነሕይወቷ ትቀራለች፣ እኔም ዛሬ እንዴት ሆና ይሆን እያልኩ ስልኬን ስነካካ አመሻለሁ። ለዚህ ይመስለኛል ተከታታይ ልብ ወለድ አንዱን ስጨርስ ሌላውን የማነሳው፣ የሕክምና ፊልም ካየሁ በኋላ ግን ለሳምንታት ቴሌቪዥኑን ለእግር ኳስ ብቻ የምከፍተው።