ባዶ እጅ መውረድ

ቤታችን ተክለ ሃይማኖት ነው። ሰፈሩን የምታውቁት ትረዱኛላችሁ፤ ወደ መርካቶ የሚተመው ሰው፣ ተሸካሚው፣ የታክሲው ጡሩምባ ከንጋት እስከ ምሽት አያቋርጥም። ልጆቼ የሚሮጡት በጋራ መኖሪያ ሕንፃችን ደረጃ ላይ ነው። እዚያም ቢሆን ጎረቤት ሲቆጣ ይቆማሉ።

እናቴ የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ስኳር እንዳለባት ሲነገራት ሐኪሟ ከመድኃኒቱ ጋር የእግር ጉዞም አዘዘላት። እማዬ መድኃኒቱን አታጓድልም፤ ጉዞውን ግን እንቢ አለች። “እኔ የልጅነቴን ሄጄ ጨርሻለሁ” ነበር መልሷ። እኛም እንደ ቀልድ አለፍነው።

ጥቅምት ላይ ዝናቡ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ አንድ ቅዳሜ ልጆቹን እንጦጦ ፓርክ ልወስዳቸው ተነሣሁ። “እማዬ፣ አብረሽን ነይ” ስላት ፊቷ ጠቆረ።

“እንጦጦ? ለመዝናናት?” አለችኝ።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እማዬ ያደገችው ሽሮ ሜዳ ነው። ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ እስክታገባ ድረስ ገና ሳይነጋ ከእናቷ ጋር እንጦጦ እየወጣች የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ትለቅም፣ በጀርባዋ ተሸክማ ትወርድ ነበር። እኔና እናንተ “ንጹሕ አየር” የምንለው ቦታ ለእሷ ትከሻ የሚቆርጥ ገመድ፣ ጉልበት የሚሰብር ቁልቁለት፣ የለቀሙትን የሚነጥቅ የደን ዘበኛ ነበር።

የደኑ ታሪክም ከማገዶ የተለየ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውድ ጭነዋል። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ ተመናመነ። በእሳቸው ዘመን ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጥቶ ተተከለ። አዲስ አበባ ለረጅም ዘመን እንጀራዋን የጋገረችው በዚያ ነው፤ ተሸክመው ያወረዱላት ደግሞ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። የእንጦጦ ፓርክ የተከፈተው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ተራራውን በየቀኑ ሲረግጡት የኖሩት እነሱና ለልምምድ የሚወጡት ሯጮቻችን ነበሩ።

እማዬ በመጨረሻ “ልጆቹን ልጠብቅልሽ” በሚል ሰበብ መጣች። በስድስት ኪሎ በኩል አድርገን፣ ሽሮ ሜዳን አልፈን ወጣን። ከታክሲ ወርደን ትንሽ እንደተጓዝን ጭነት ያዘሉ ሦስት ሴቶች ቁልቁል ሲመጡ አየን። ልጆቹ መንገዱን ሞልተው ቆመው ያዩአቸዋል።

“ዞር በሉላቸው!” አለች እማዬ፤ እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። “ሸክም የያዘ ሰው አንዴ ከቆመ መነሣቱ ይከብደዋል።” ከዚያ ሴቶቹን “አይዟችሁ፣ በርቱ” ብላ አሳለፈቻቸው።

ደኑ ውስጥ ስንገባ ልጆቹ ሮጡ፤ ብዙም ሳይርቁ ቁና ቁና እየተነፈሱ ቆሙ። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ለከተማ ሳንባ ቀላል አይደለም። “አፋችሁን ግጠሙ፣ አጭር አጭር እርገጡ” አለች አያታቸው ከፊት እየቀደመች። ዳገቱን የምታውቀው እሷ ነበረች። ሁላችንም በእሷ እርምጃ ሄድን።

ከተማዋ ቁልጭ ብላ የምትታይበት ቦታ ስንደርስ ትንሿ ልጄ “አያዬ፣ ቤታችን የቱ ጋ ነው?” አለቻት። እማዬ በጣቷ እያመለከተች ስታሳያት ቆየች። ከዚያ ወደ መውረዱ ስንዞር ዞር ብዬ አየኋት። ጎንበስ ቀና እያለች ጭራሮ ትለቅማለች። እጇ እስኪሞላ ድረስ ራሷም አላወቀችውም። ስታውቀው ደንገጥ ብላ አየችኝና ሳቀች። ጭራሮውን አንድ ዛፍ ሥር አስቀምጣ እጇን በነጠላዋ ጠረገች።

“ዛሬስ ባዶ እጄን ነው የምወርደው” አለች። እስከ ታክሲው ድረስ ሌላ ቃል አልወጣትም።

ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ እንወጣለን። ስኳሯ ጠፋ አልላችሁም፤ ግን “እንሂድ” የምትለው አሁን እሷ ናት።

እናንተም አረጋዊ ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ የተማርነውን ላካፍላችሁ። የጉዞው ፍጥነት የሚለካው በዝግተኛው ሰው ነው። የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ስኳር ያለበት ሰው ሳይበላ አይውጣ፤ ስኳሩ ቢወርድበት የሚቀምሰው ከረሜላ በኪሱ ይኑር። ማለዳ ስለሚበርድ ሹራብ፣ የማያንሸራትት ጫማና ውሃ ያዙ። ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ውረዱ። ሸክም ላለው ሰው መንገድ ልቀቁ።

እንጦጦን ከለመዳችሁ በኋላ ሌላም አለ። በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ያለው የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል 705 ሄክታር ስፋት አለው፤ ልጆች የአገራችንን ዛፎች በስማቸው የሚለዩበት ቦታ ነው። ሙሉ ቀን ካላችሁ ደግሞ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ማለትም በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የጥድ ዘር ከሸዋው ወፍ ዋሻ ደን መጥቶ እንደተተከለበት ይነገራል። ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ ይኖሩበታል። ርቀት ስላለው ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ አጣሩ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ። ቤታችሁ ያሉትን አያት “ይህን ተራራ በምን ያውቁታል?” ብላችሁ ጠይቁ። እኔ እናቴን ይህን ለመጠየቅ ዐርባ ዓመት ፈጅቶብኛል።