ዊትቢ፦ ከግብዣ ተነስቶ የሸሸው ገጣሚ ከተማ

እንግዳ ሲሰበሰብ ወደ መኝታ ክፍሉ የሚሸሽ ልጅ ቤትዎ ውስጥ አለ? "ነይ እስቲ ለጋሼ መዝሙር አሰሚያቸው" ሲባል በሩን ዘግቶ የሚቀመጥ? እንግዲያው የዚህ ወር ጉዟችን በተለይ ለእርስዎ ነው። የምንሄደው ወደ ዊትቢ ነው። ዊትቢ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኤስክ የተባለው ወንዝ ከሰሜን ባሕር ጋር በሚገናኝበት ቦታ የምትገኝ ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። በስማቸው ከምናውቃቸው የእንግሊዝኛ ገጣሚዎች የመጀመሪያው የኖረው እዚህ ነው። እሱም ተራው ሲደርስ ከግብዣ ተነስቶ የሚሸሽ ሰው ነበር።

እኔ ዊትቢን ያየሁት ሊድስ ከምትኖረው እህቴና ከአሥራ አንድ ዓመት ልጇ ጋር ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ በማግስቱ ለእንግሊዞቹ ፋሲካ፣ ለእኛ ግን ገና ሆሳዕና። ልጅቷ በአውቶብሱ መስኮት በኩል ዛፍ የሌለበትን ሰፊ ደጋ እያየች ዝም ብላለች። ባለፈው እሁድ ቤታቸው ቡና ተፈልቶ ሰው ተሰብስቦ ነበር። አንዲት እንግዳ በአማርኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ መለሰች። አነጋገሯ ግን ሁሉንም አሳቃቸው። በክፋት የሳቀ አልነበረም። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእናቷም ለእኔም የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ብቻ ሆነ።

ዊትቢ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚቀበልዎት የተጨሰ ዓሣ ሽታና የባሕር ወፎች ጩኸት ነው። ወንዙ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ በሁለቱም በኩል ቀይ ጣሪያ ያላቸው ቤቶች ገደሉን ተደግፈው ይታያሉ። በምሥራቁ ገደል አናት ላይ ጣሪያ የሌለው ትልቅ የድንጋይ ፍርስራሽ ቆሟል። ወደዚያ የሚያደርሰው 199 ደረጃ ነው። ልጆች እየቆጠሩ ይወጡታል፤ የእኛዋ 197 አገኘች፤ እናቷ ደግሞ ከመቶው በኋላ መቁጠሩን ትታ ትንፋሿን መቁጠር ጀመረች። ጋሪ የሚገፉ ወይም ጉልበታቸውን የሚያማቸው ወላጆችን ይዘው ከሄዱ አይጨነቁ፤ በሌላ በኩል መኪና እስከ ላይ ይወጣል።

ፍርስራሹ ውስጥ ገብተው ከፍ ባሉት የመስኮት ቅስቶች በኩል ባሕሩን ሲያዩ፣ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ይህ በአብዛኛው የ13ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማትን ሲዘጋ ይህም በ1539 ተዘጋ፤ በ1914 ደግሞ የጀርመን የጦር መርከቦች ደበደቡት። እኛ የመጣንበት ታሪክ ግን ከዚህ ሕንፃ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሮማውያን አገዛዝ በብሪታንያ ካበቃ በኋላ፣ ከዛሬዋ ሰሜን ጀርመንና ዴንማርክ አካባቢ አንግሎችና ሳክሰኖች ባሕር ተሻግረው መጥተው ሰፈሩ። አንግሎ ሳክሰን የምንላቸው እነዚህን ነው። ብዙ አማልክት ነበሯቸው፤ ስማቸውም ዛሬ በልጆችዎ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ ይገኛል። ቲዩስዴይ ቲው ከተባለው አምላክ፣ ዌንስዴይ ከዎደን፣ ተርስዴይ የነጎድጓድ አምላክ ከነበረው ከቱኖር፣ ፍራይዴይም ፍሪግ ከተባለችው አምላካቸው የመጡ ናቸው። "ኢስተር" የሚለው የፋሲካ መጠሪያ እንኳ፣ ቢድ የተባለው መነኩሴ እንደጻፈው፣ ኤኦስትሬ ከተባለች አምላክ የተወረሰ ነው። እምነታቸውን ሲለውጡ ሁሉንም ቃል አልጣሉም።

ክርስትና የደረሳቸው በሁለት በር ነው። ከደቡብ በ597 ከሮም የተላኩ መነኮሳት መጡ፤ ከሰሜን ደግሞ የአየርላንድ ወግ የያዙ መነኮሳት። በ657 በዚህ ገደል ላይ ገዳም የመሠረተችው ሂልድ የንጉሥ ዘመድ ነበረች፤ የተጠመቀችውም በ13 ዓመቷ ነው። ወንዶችም ሴቶችም በሚኖሩበት ገዳሟ እመ ምኔት ሆና አገለገለች። ከተማሪዎቿ መካከል አምስቱ ጳጳስ ሆነዋል፤ ነገሥታትም ምክር ይጠይቋት ነበር፤ የሚያውቋት ሁሉ እናት ብለው ይጠሯት እንደነበር ቢድ ጽፏል። ልጆችዎ የሚወዱት ተረትም አላት፦ ሂልድ የአካባቢውን እባቦች ድንጋይ አደረገቻቸው ይባላል። በባሕሩ ዳርቻ የሚገኙት እንደ እባብ የተጠቀለሉ ድንጋዮች ግን በጥንት ዘመን የነበሩ የባሕር እንስሳት ቅሪቶች ናቸው።

ወደ ንጉሡ ቤት እንግባ። የሀገሩ ንጉሥ ኦስዊ የአየርላንዶችን የፋሲካ አቆጣጠር ይከተላል፤ ንግሥቲቱ ኢያንፍሌድ ደግሞ የሮምን። ስለዚህ በአንዳንድ ዓመት በአንድ ቤተ መንግሥት ውስጥ ንጉሡ ጾሙን ፈትቶ ፋሲካን ሲያከብር፣ ንግሥቲቱና ሰዎቿ ገና በጾም ላይ ሆነው ሆሳዕናን ያከብሩ ነበር። በ664 ጉዳዩን ለመቁረጥ ጉባኤ የተጠራው እዚሁ በሂልድ ገዳም ነው። ንጉሡ ሁለቱንም ወገን አዳምጦ ለሮም ወሰነ። ሂልድ ከተሸነፈው ወገን ነበረች፤ ግን ውሳኔውን ተቀብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ይህን ለእህቴ ሳነብላት ሳቀች። "ታዲያ የእኛ ቤት ማለት አይደለም እንዴ?" አለች። እውነቷን ነው። ጎረቤቶቿ በማግስቱ በግ ጠብሰው የቸኮሌት እንቁላል ይፈልጋሉ፤ እሷ አንድ ሳምንት ቀርቷታል። ምሳ ሰዓት ላይ ወደብ ወርደን ድንች ጥብስ ልንገዛ ስንል ሻጩን በምን እንደሚጠበስ ጠየቀችው። በበሬ ሞራ! በዚህ አካባቢ የተለመደ ነውና ጾመኛ ከሆኑ ሳይጠይቁ አይግዙ። ከቤት የያዝነውን ዳቦና ቆሎ አወጣን። አጠገባችን ቆሞ ከነበረ ሰው እጅ ላይ አንድ ነጭ ወፍ ድንቹን ነጥቆ ሲበር፣ ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ከምሳ በኋላ ደረጃውን እንደገና ወጣን። በደረጃው ማብቂያ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ውስጥ፣ ከአሸዋ ድንጋይ የተቀረጸ ረጅም መስቀል አለ። በ1898 የቆመ ነው። ከላይ ወደ ታች ሲያዩት ክርስቶስ፣ በገና የሚደረድረው ዳዊት፣ ሂልድ፣ በመጨረሻም ከበረት ውስጥ ካድሞን ይታያሉ።

ካድሞን ዕድሜው የገፋ ከብት ጠባቂ ነበር። በዚያ ዘመን በግብዣ ላይ ባለ አውታር መሣሪያ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ የደረሰው ሁሉ ይዘፍናል። የአንግሎ ሳክሰን መሣሪያ ከክራር ጋር የሚቀራረብ ነው፤ በ1939 ሰተን ሁ በተባለ ቦታ ከአንድ ታላቅ ሰው መቃብር የወጣው ስድስት አውታር ነበረው። ካድሞን ግን አንድም ዘፈን አያውቅም። መሣሪያው ወደ እሱ ሲቀርብ ያፍርና ተነስቶ ይወጣል። አንድ ምሽት እንዲሁ ወጥቶ፣ ከብቶቹን የሚጠብቅበት ተራው ስለነበር በረት ውስጥ ተኛ። በሕልሙ አንድ ሰው መጥቶ በስሙ ጠራውና እንዲዘምር አዘዘው። እንደማይችል ነገረው። ሰውየው ግን አልተወውም፤ ስለ ፍጥረት መጀመሪያ ዘምር አለው። ካድሞንም ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን ዘመረ። የቅዱስ ያሬድንና የትሏን ታሪክ እየሰማ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ አልችልም ብሎ ከሸሸ ሰው ዜማ ሲወጣ እኛም እናውቃለን።

ሲነጋ ለአለቃው ነገረው፤ አለቃውም ወደ ሂልድ ወሰደው። እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። ከብት ጠባቂ መጥቶ በሕልሜ ግጥም ተሰጠኝ ሲል ሊሳቅበት ይችል ነበር። ሂልድ አዋቂዎችን ሰብስባ አስደመጠችው። ከዚያ ከቅዱሳት መጻሕፍት አንድ ክፍል አስነግራ ወደ ግጥም እንዲለውጠው ጊዜ ሰጠችው። በማግስቱ ይዞ መጣ። ቢድ እንደሚለው፣ የሰማውን እንደሚያመሰኳ ንጹሕ እንስሳ እያላመጠ ወደ ጣፋጭ ግጥም ይለውጠው ነበር። ለከብት ጠባቂ የሚስማማ ምሳሌ ነው። ሂልድም ገዳሙ ውስጥ አስገባችው፤ በሀገሩ ቋንቋ እየገጠመ ኖሮ እዚያው ሞተ።

ዛሬ በእርግጥ የእሱ ነው የሚባለው ዘጠኝ መስመር ብቻ ነው። ቢድ ታሪኩን በ731 በላቲን ሲጽፍ የግጥሙን ሐሳብ ብቻ አስፍሮ፣ ግጥም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ቃል በቃል ሲዞር ውበቱን እንደሚያጣ አስጠነቀቀ። ቅኔ የሰማ ሁሉ ይህን ያውቃል። ደግነቱ የጥንቱ እንግሊዝኛ ቃል በጥንታዊ የብራና ቅጂዎች ላይ ተጽፎ ደረሰን።

የአንግሎ ሳክሰን ግጥም ቤት የሚመታው እንደ እኛ በመጨረሻ አይደለም፤ በቃሉ መነሻ ነው። መስመሩ መሐሉ ላይ ይሰበራል፤ የሁለቱን ወገን ጠንካራ ቃላት ተመሳሳይ መነሻ ድምፅ ያስተሳስራቸዋል። በአማርኛ ብንሞክረው "ማለዳ ማዕበሉ — መርከቧን መታት" እንደማለት ነው። ሌላው ጌጣቸው ሁለት ቃል አጋጥሞ አንድን ነገር መሰየም ነው፦ ባሕሩ የዓሣ ነባሪ መንገድ፣ ሰውነት የአጥንት ቤት ይሆናል። እንቆቅልሽም ይወዱ ነበር፤ ኤክሰተር በተባለች ከተማ የሚገኝ የ10ኛው መቶ ዘመን መጽሐፍ ከ90 በላይ እንቆቅልሽ ይዟል።

ይህን ከልጆችዎ ጋር ይጫወቱት። እኛ መስቀሉ ሥር ተቀምጠን ሞከርነው። እህቴ ደረጃውን "የጉልበት ፈተና" አለችው። እኔ ነፋሱን "የጃንጥላ ጠላት" አልኩት። ፀጥታ ሆነ። ከዚያ ልጅቷ ከበላያችን የሚዞረውን ወፍ እያየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የድንች ሌባ" አለች። በአማርኛ። እህቴ ልታቅፋት እጇን ስትዘረጋ በዓይኔ ከለከልኳት። "ሌላስ?" አልኳት ብቻ።

ለመሄድ ካሰቡ፣ ከለንደን በባቡር እስከ ዮርክ፣ ከዚያ በአውቶብስ መድረስ ይቻላል፤ ከሊድስ ግን በዮርክ በኩል የሚያልፈው አውቶብስ እስከ ዊትቢ ያደርስዎታል። መንገዱ ረጅም ስለሆነ በማለዳ ይነሱ። የገዳሙ ፍርስራሽ በክረምት በየቀኑ ስለማይከፈት አስቀድመው ያረጋግጡ። በጋም ቢሆን ነፋስ የሚከለክል ጃኬት ይያዙ። ጊዜ ካለዎት የከተማዋን ሙዚየም ይጎብኙ፤ ከገዳሙ ዘመን የቀረ የአጥንት ማበጠሪያ አለ፤ ባለቤቱ እግዚአብሔር እንዲረዳው የሚለምን ጽሑፍ ተቀርጾበታል፤ ስሙ ሊነበብ ሲል ግን ማበጠሪያው ተሰብሯል።

ስንመለስ አውቶብሱ ውስጥ ጨለመ። አያቷ ከአዲስ አበባ ደወለች። ልጅቷ ስልኩን ተቀብላ ወደ እኔ ዞረችና የከብት ቤት በአማርኛ ምን እንደሚባል በጆሮዬ ጠየቀችኝ። "በረት" አልኳት።

"እማማ፣ አንድ ሰውዬ ነበር፤ መዝፈን የሚያፍር። በረት ውስጥ ተኛ..." ብላ ቆመች፤ ቃል ጠፋባት።

በስልኩ ውስጥ የእናታችን ድምፅ በቀስታ ተሰማ። "እሺ የኔ ልጅ፣ ከዚያስ?"